እጁ የሚያውቀው ፊት

«ውይ! አልጣሽ ናት እኮ!» አለች ወይዘሮ ካሳነሽ። አለችና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከደነች። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞሉት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። የሳጥኑን ክዳን በመዶሻ የፈለቀቀው ዘበኛ እንኳ ሰምቶ፣ ምን እንደሚያይ ሲጨንቀው ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ ሰቀለ። ከራዲዮኑ አጠገብ፣ አዲስ ጥልፍ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ፣ ከገለባ ውስጥ የወጣ ነጭ የጀሶ ራስ ቁጭ ብሏል። ግንባር ላይ የተቋጠረ ሻሽ፣ ወጣ ያለ ጉንጭ፣ የሚናገረው ኖሮት ነገሩን እንደተወ ሰው ወደ ግራ የተሰበሰበ ከንፈር። እዚያ ቤት ገብቶ እጁን የታጠበ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የቤቱ ሠራተኛ አልጣሽ ማስታጠቢያውን ይዛ ጎንበስ ስትል የሚታየው ያው ፊት ነው። የቤቱ እመቤት የወይዘሮ አመለወርቅ ፊት ግን አይደለም። ዞረው ቢያዩት፣ ቀርበው ቢያዩት፣ አይደለም።

አመለወርቅ ክው ብላ ቀረች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይህን ሁሉ ሰው የጠራችው ማን ነው? ራሷ ናት። ትናንት አመሻሹ ላይ የሐጂ ኸድሩ ልጅ ፈድሉ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ወርዶ ሳጥኑን በተሸካሚ አስመጣና «እትዬ፣ ኃይለኢየሱስ የእናቱን ፊት ሠርቶ ልኳል፤ ከዚያ ሁሉ የፈረንጅ ተማሪ የሱን ነው ያደነቁለት» ብሎ አስረከባት። እሷ እንቅልፍ በዓይኗ ዞረ? አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ተማሪ፣ ለስድስት ወር የሥራ ልምምድ ተብሎ ዩጎዝላቪያ ድረስ የተላከ ልጅ፣ የእናቱን ፊት ቀርጾ ሲልክ እንዴት ብቻ ይታያል? ገና ሳይነጋ ለማኅበሯ ሴቶች ላከች። ድፎ ተቆረሰ፣ ጠጅ ተቀዳ። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ የአንገት ወርቋን አድርጋ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ሰዉ ሁለቱን አስተያይቶ «ቁርጥ እሷን!» እንዲል ነበር እዚያ የቆመችው። ይኸው አሁንም ቆማለች፤ ሰዉም አንዴ እሷን አንዴ የጀሶውን ራስ እያየ ነው።

እንግዳ ሲያፍር እንዴት እንደሚወጣ ታውቁታላችሁ። አንዷ ድስት ጥዳ መምጣቷ ትዝ አላት፣ አንዷ የባሏ ምሳ ደረሰባት፣ ሌላዋ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እጁን ይባርክለት» ብላ በሩ ጋ ደርሳ እንኳን ደስ ያለሽ ማለቷ ራሷን አስደነገጣት። ጠጁ በየብርሌው እንዳለ ቀረ። ካሳነሽ ብቻ ወደ ኋላ ቀረች። ካሳነሽ የሰው ጉድ ሲፈላ ሳትቀምስ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አመለ፣ እኔ እህትሽ ነኝ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «ይሄ የጤና አይደለም። አስነክታዋለች። ሴትየዋ ልጅሽን በጨቅላነቱ አስነክታዋለች! ባይሆን ባሕር ተሻግሮ ገረድ ትታየዋለች?» አመለወርቅ አፏን ብትከፍት የሚወጣው ለቅሶ እንደሆነ አውቃዋለች። ካሳነሽ የተቆረሰውን ድፎ በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። አልጣሽ እቤት አልነበረችም፤ ለእንግዳው የሚሆነውን ሁሉ ከሌሊት ሠርታ ጨርሳ፣ ጠዋት ጤፍ ተሸክማ ወፍጮ ቤት ሄዳለች።

አመለወርቅ የጀሶውን ራስ በጥልፉ ሸፈነችው። ሸፍናው ደግሞ ባሰባት፤ አስከሬን መሰላት። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ ሐጂ ኸድሩ ሱቅ ወረደች። የዲላ ዋና መንገድ በቡና መኪና ተጨናንቋል፤ ጆንያ የጫኑ ፊያቶች ወደ አዲስ አበባ ለመነሳት ሞተራቸውን እያስጮሁ ጭሳቸውን ይተፋሉ። መንገዱ ላይ የማያውቃት የለም። በቡና ወራት የራሷን ሚዛን ተክላ ከይርጋ ጨፌ እስከ ጨለለቅቱ ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና የምትሰበስብ ሴት ናት፤ ሸክም ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ሾፌሩ ሁሉ ቆብ ያነሳላታል። ዛሬም ያነሱላታል። እሷ ግን ሁሉም ዓይን ውስጥ ሳቅ የምታይ መሰላት። አንድ የቡና ደላላ «እትዬ፣ ልጁ ፊትዎን ላከልዎት አሉ! እንኳን ደስ አለዎ!» ብሎ ጮኸ። የሳጥኑን መምጣት እንጂ ሌላውን ገና አልሰማም። እሱም እስከ ማታ እንደሚሰማ እያሰበች ራሷን ነቅንቃ አለፈች።

ሐጂ ኸድሩ ለአንዲት ገበሬ አቡጀዲ እየለኩ ነበር። ገበሬዋ ሜትሩን በአንድ ብር ትላለች፣ ሐጂ አንድ ብር ከስሙኒ ይላሉ። አመለወርቅን ሲያዩ ሜትሩን ጥለው ተነሱ፣ ወንበር አቀረቡ። «ፈድሉን ጥሩልኝ» ከማለት በቀር ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም። ፈድሉ ከጓዳ ወጣ። ጠባብ ሱሪ ለብሷል፣ ፀጉሩን አጎፍሯል፤ እሱም እንደ ልጇ ከዩኒቨርሲቲው ዩጎዝላቪያ ተልኮ ከርሞ ገና መመለሱ ነው። ፊቷን አይቶ ደነገጠ።

«ተሰብሮ ነው እንዴ የደረሰው እትዬ?»

«ምነው በተሰበረ» አለችው። «ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አይተኸዋል?»

«ኧረ ወላሂ አላየሁም። እኔ ሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ነበር የመደቡኝ፣ የቴአትር ማስታወቂያ ስናትም ነው የከረምኩት። ኃይሌ ሳጥኑን በምስማር መትቶ፣ ባቡር ጣቢያ ድረስ ተሸክሞ ነው የሰጠኝ።»

«ምን ብሎ ሰጠህ? ያለውን ሁሉ ንገረኝ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀር።»

ፈድሉ ራሱን አከከ። እዚያ አገር፣ አለ፣ ተማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚማረው የለም። ኃይለኢየሱስ ከሠራተኛ ጋር ቱታ ለብሶ ይውላል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ ጭቃ ያቦካል። አለማማጁ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ሐውልት ሲቀርጽ የኖረ። አንድ ቀን ተማሪዎቹን ሰብስቦ የሁሉንም ዓይን በጥቁር ጨርቅ አሰረ። ፎቶ የለም፣ ሥዕል የለም። ለያንዳንዱ አንዳንድ ጉብታ ጭቃ አስቀመጠላቸውና «የእናታችሁን ፊት ሥሩ፤ እንዴት እንደሆነ አታስቡ፤ እጃችሁ ያውቀዋል፣ እሱ ይሥራ» አላቸው። ቀኑን ሙሉ በጨለማ ዳበሱ። ማታ ጨርቁ ሲፈታ የአንዳንዱ ጭቃ ድንች ይመስላል፣ የኃይለኢየሱስ ግን ሰው ነበር። ሽማግሌው እጁን ስሞ በጀሶ አስገለበጠለት። «ኃይሌ ግን አልተደሰተም እትዬ። ዓይኔን ስገልጥ ክው አልኩ አለኝ። ከዚያ ሊሰብረው አስቦ ነበር መሰለኝ፣ በኋላ ግን ‹ይሂድ፤ ቤቱ እዚያው ነው› ብሎ ሰጠኝ።»

«ስለኔስ? ስለኔ ምን አለ?»

ፈድሉ አባቱን አየ። አባቱ አቡጀዲውን አዩ። «ሰላም በልልኝ ብሎኛል» አለ ልጁ። እንዳልተባለ ሦስቱም ያውቃሉ።

ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ እንዴት እንደወሰዳት አታውቅም። ካሳነሽ ያለችው ነገር እውነት ቢሆን ምንኛ በተሻለ! ድግምትን ጠበል ይፈታዋል፣ ቄስ ይፈታዋል። እጅ የሚያውቀውን ግን ማን ይፈታዋል? ልጁ ክፋት አስቦ ቢሆን ትቆጣው ነበር፤ ትረግመውም ነበር፣ ኋላም ትታረቀው ነበር። እሱ ግን ዓይኑ ታስሮ ነው። እሷን ሊሠራ ነው የተቀመጠው። እናቱን እየሠራሁ ነው ብሎ ነው ያን ከንፈር ያወጣው። ይህን ስታስብ መንገድ መሃል ቆማ ቀረች፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው «ከመንገድ ከመንገድ!» እያለ ሊጥላት ምንም አልቀረው።

ባሏ ግራዝማች ወልደዮሐንስ ለምሳ ቀድመዋት ገብተዋል። ከኮቸሬ ነው የመጡት፤ ከጭሰኞቻቸው ጋር ሲከራከሩ ሰንብተው፣ ላንድሮቨሩ አቧራ እንዳለበሳቸው፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጥልፉን ገልጠው የጀሶው ራስ ፊት ቆመዋል። ሚስታቸው ስትገባ ዘወር ሳይሉ ጠየቁ።

«ይቺ ማን ናት? ፈረንጅ ናት?»

አመለወርቅ መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰላት። ግራዝማች ግን በቀልድ የሚታወቁ ሰው አይደሉም። «አልጣሽ ናት» አለች።

«የቷ አልጣሽ?»

ይህን ሲሉ አልጣሽ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዛ በጓዳው በር ገባች። ከወፍጮ ቤት ገና መመለሷ ነው፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። እንደ ወትሮዋ ቀና ሳትል እስከ ጠረጴዛው መጣችና ጎንበስ ከማለቷ በፊት አየችው። ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ። ውሃው ምንጣፉን አልፎ እስከ ግራዝማች ጫማ ፈሰሰ። አልጣሽ ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ የራሷን ፊት ያዘች፤ ቦታው ላይ መኖሩን የምታረጋግጥ ነው የምትመስለው። «እኔ መች ሞትኩ?» አለች። «እትዬ፣ እኔ መች ሞትኩ?» የጌዴኦ ሴት ናት። እሷ በተወለደችበት ተራራ ላይ ፊት የተቀረጸበት ድንጋይ የሚቆመው በሞተ ሰው መቃብር ላይ ነው፤ በቁሙ ምስሉ የቆመለት ሰው አይታም ሰምታም አታውቅም። ግራዝማች አንዴ እሷን አንዴ ጀሶውን ተመለከቱ። ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ያፈሰሰችላቸውን ሴት ገና አሁን ማየታቸው ነበር፤ ያውም ከጀሶው ጋር እያመሳከሩ።

አልጣሽ ምንጣፉን ልታደርቅ ተንበርክካ ሳለ አመለወርቅ ፈድሉ የነገራትን ለባሏ ነገረች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ በዚያ ቤት አልጣሽ ትሰማለች ተብሎ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ አያውቅም። ግራዝማች የዓይኑን መታሰር እንደዋዛ አለፉት። የእናቱንም ነገር አለፉት። እሳቸውን እንደ ጦር የወጋቸው ሌላ ነው።

«ጭቃ?» አሉ። «በእጁ? ጭቃ አቡክቶ?»

«እንደሱ ነው ትምህርታቸው አለ።»

«የኔ ልጅ? የወልደዮሐንስ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ሥራ? ሸክላ ሠሪማ እዚሁ ከገበያ ጀርባ ሞልቶ የለም እንዴ! ዩጎዝላቪያ ድረስ ሰድጄ ጭቃ ላስቦካው? ጉድ! ጉድ! ነገ ምን ተብሎ ሊዳር ነው? ማን ልጁን ይሰጠዋል?» ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ጣሉት። ለመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ፣ ለፊርማና ለማኅተም ያሰቡት ልጅ ቱታ ለብሶ ታያቸው መሰለኝ፣ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቁጣቸው የሚያርፍበት ቦታ ፈለገ፤ አጠገባቸው ደግሞ የተንበረከከች ሴት አለች። «ይሄ መተት ነው። ሌላ አይደለም። ነገ በመጀመሪያው መኪና ከግቢዬ ትውጣ። ያንንም ነገር ከዓይኔ አርቁልኝ።» አልጣሽ ጨርቁን ጨምቃ፣ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ወጣች። ተመልሳ መጥታም እጃቸውን አስታጠበቻቸው።

አመለወርቅ ምሳ ላይ ቀረበች እንጂ አልበላችም። ጠዋት ቢሆን ይህንኑ ፍርድ ራሷ በፈረደችው፤ ሲፈረድ ስትሰማ ግን ደስ አላላትም። ሰው ማን እንደሆነች የማያውቃትን ሴት እንዴት ከቤቱ ያስወጣል? ብላ አሰበች። ባልና ሚስት አንድ ትሪ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ እየጎረሰ አንዱ እያየ፣ ከራዲዮኑ የከሰዓቱ ዜና እየተነበበ ምሳው አለቀ። ግራዝማች ተኝተው ተነሱና ወደ ክበቡ ካርታ ሊጫወቱ ሄዱ።

ከሰዓት መኝታ ቤቷን ቆልፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ያደረገውን እሷም ልታደርግ ፈለገች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ የኃይለኢየሱስን ፊት በባዶ አየር ላይ ልትዳብስ ሞከረች። ግንባሩ ሰፊ ነው፤ ይህን ከፎቶው ታውቃለች። አፍንጫው የአባቱ ነው፤ ይህንንም ሰዎች ሲሉ ሰምታለች። እጇ ግን ምንም አላገኘም። ደግማ ሞከረች። ስንብት ላይ ራሱን መዳበሷ ትዝ አላት፣ ያኔም ቆብ አድርጎ ነበር። ሕፃን ሳለስ? ሕፃን ሳለ ጡቷ አልወርድ አላት፤ ወሩ ኅዳር ነበር፣ ቡናው ደርሷል፣ ሚዛኑ ቆሞ ይጠብቃታል። አራስነቷን ሳትጨርስ ነው ወደ ጨለለቅቱ የሄደችው። ለማን ብላ? ለሱ ብላ! ጫማው ከአስመራ እንዲመጣለት፣ በስምንት ዓመቱ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገባ፣ ከሰው ልጅ በታች እንዳይሆን። ይህችው እጅ አንድ ጭብጥ ጀንፈል ብትዘግን፣ ፀሐይ ያደረቀው ይሁን እሳት የነካው፣ ዓይኗን ጨፍና ትለየዋለች። ቡናን ታውቃለች። አለቀሰች፤ ሰው እንዳይሰማት ትራሱን ነክሳ አለቀሰች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ፊቷን ታጥባ ወደ ማድቤት ሄደች። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ያለችው ጥላሸት የለበሰች ቤት ናት። ወደዚያ ከገባች ስንት ጊዜዋ? የምትፈልገው ሁሉ ተጠርቶ ነው የሚመጣላት። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ሹሩባዋ ነካው። ውስጥ ሦስት ጉልቻ፣ የቆጮ መክተፊያ፣ ጥግ ላይ አንድ መደብ። መደቡ ላይ በአሮጌ ጋቢ የታሰረ ጓዝ ተቀምጧል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የታከለበት ጓዝ ትራስ አያክልም። አልጣሽ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጠዋት ያስፈጨችውን ዱቄት ትነፋለች።

«አልጣሽ።»

«አቤት እትዬ።» ልትነሳ ስትል በእጇ ከለከለቻት።

«ግራዝማች ያሉትን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። እሺ። ዱቄቱን ነፍቼ ላቡካው፣ ነገ የሚያቦካው ሰው የለም።»

ይህች «እሺ» አቃጠለቻት። «እሺ ብቻ? ልጄን ወስደሽብኝ፣ በሰው ፊት አዋርደሽኝ፣ እሺ ብቻ? ምን አድርገሽው ነው? ንገሪኝ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

አልጣሽ ወንፊቱን መታ መታ አደረገች። «እኔ አልወሰድኩም እትዬ። ያቀበሉኝን ነው ያቀፍኩት። ማታ ማታ ይፈራ ነበር። መብራት ሲጠፋ እጁ ፊቴን ካላገኘ አይተኛም። አፍንጫዬን፣ ዓይኔን፣ ከንፈሬን እንዲህ እንዲህ ያደርግና እንቅልፍ ይወስደዋል። ሌላ ያደረግኩት የለም።»

የአመለወርቅ ቁጣ ጥሏት ሄደ። ዝም ብሎ መውጣቱ ከበዳትና ለአፏ ያህል ጠየቀች።

«ከዚህ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«ጨለለቅቱ። ልጄ ጋ።»

«የማን ልጅ?»

«የኔ።»

«አንቺ ልጅ አለሽ?»

አልጣሽ ወንፊቱን አስቀመጠችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ እመቤቷን አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ ተጋብታ ነበር። «እትዬ፣ ያ ሁሉ ወተት ከየት የመጣ መስሎዎት ነበር?»

የአመለወርቅ ልብ ስንጥቅ አለ። ደላላው ያኔ «ጡቷ ሞልቷል» ብሎ ሲያመጣት ትዝ አላት፤ ቀጭን፣ አማርኛ የማትሰማ ልጅ፣ የቀሚሷ ደረት የረጠበ። ደስ ነበር ያላት። የወለደች ላም የገዛ ሰው እንኳ ጥጃውስ ብሎ ይጠይቃል። እሷ አልጠየቀችም። ሞቶ ይሆናል ብላ ነው እንዳይባል እንኳ፣ እንደዚያም አላሰበችም። አላሰበችም፣ በቃ።

«እህቴ ወሰደው» አለች አልጣሽ። ሲጨንቃት አማርኛዋ ሴቱንና ወንዱን ይቀላቅልባታል። «አርባ ቀኑ ነበር። ሴት ነው። በላም ወተት አደገ። ለመስቀል ስሄድ እህቴ ቀሚስ ሥር ገብቶ ይደበቀኛል። ማር ብሰጠው ከእጄ አይቀበልም፣ መሬት ላይ አስቀምጪ ይለኛል። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አግብቷል፣ ቡና ይለቅማል።»

«ትቀበልሻለች?»

«እንጃ።» አልጣሽ ጣቷን ዱቄቱ ላይ አደረገች፣ መልሳ አነሳች። «እሷንም ዓይኗን አስረው ጭቃ ቢሰጧት የእህቴን ፊት ነው የምትሠራው። የኔን ከየት ታውቀዋለች?»

አመለወርቅ መቆም አቃታት። የወርቅ ሐብሏን እንዳደረገች፣ ነጭ ቀሚሷን ሳትሰበስብ፣ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ሂጂ ልትላት ነበር የመጣችው፤ አሁን ሂጂም ቅሪም የምትልበት አፍ የላትም። ማድቤቱ እየጨለመ ነው። ከዋናው ቤት የግራዝማች መኪና ሲገባ ተሰማ፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፣ ሁለቱም አልተነሱም። አመለወርቅ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ስሟ ማን ነው?»

የአልጣሽ ከንፈር ወደ ግራ ተሰበሰበ።

«አመለወርቅ ነው» አለች።

«እ?»

«ስም ሳላወጣላት ነው ጥያት የመጣሁት። እዚህ ስገባ የእርስዎን ስም ሰማሁ። በመጀመሪያው መስቀል ሄጄ እሱን አወጣሁላት። አንድ ቀን ‹ልጅ አለሽ ወይ? ስሟ ማን ነው?› ብለው ይጠይቁኛል፣ የራሳቸውን ስም ሲሰሙ አንጀታቸው ይራራል፣ ‹አምጫት፣ ከልጄ ጋር ትደግ› ይሉኛል ብዬ ነበር።» ወንፊቱን መልሳ አነሳች፣ ጭኗ ላይ አደረገችው። «ሳይጠይቁኝ አደገች።»